«ቻለው» ያልኩት እኔ ነኝ

ያደግኩት ጣና ዳር ነው። በልጅነታችን ከሐይቁ ወለል ጠጠር ይዞ የወጣ ልጅ ጀግና ይባል ነበር። ጆሯችንን እንደ መርፌ ቢወጋንም ጥርሳችንን ነክሰን እንወርዳለን። «አመመኝ» ያለ ይሳቅበታል።

ይህንኑ ጀግንነት ነው ለ11 ዓመት የልጅ ልጄ ያወረስኩት። አምና ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስበን ቢሾፍቱ ሄድን። መዋኛ ገንዳው 3 ሜትር ገደማ በሚጠልቅበት በኩል የአንድ ብር ሳንቲም ወረወርኩና «አምጣ!» አልኩት። ወረደ፤ ሳይደርስበት ተመለሰ። ግራ ጆሮውን ይዞ «አባባ፣ ያመኛል» አለኝ። ጉንፋን ይዞት ስለነበር እናቱ ጠዋት «ዛሬ ባይዋኝ» ብላ ነበር። እኔ ግን ሰው እየሰማ «ወንድ አይደለህም እንዴ? ቻለው!» አልኩት።

ቻለው። ሳንቲሙን ይዞ ወጣ። ነገር ግን የገንዳውን ጠርዝ መያዝ አቃተው፤ «ዞረብኝ» አለ። አባቱ ዘሎ ገብቶ አወጣው። ጆሮውን የጠረግንበት ፎጣ ላይ ደም ነበር።

ሐኪሟ የጆሮው ታምቡር መቀደዱን ነገረችን። ከታምቡሩ ጀርባ አየር ያለበት ክፍል አለ፤ እሱን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦም አለ። ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል። ወደ ውሃ በጠለቅን ቁጥር ግፊቱ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ከውስጥ አየር ካልገባ ያማል፣ ሲብስ ይቀደዳል። ለዚህ ደግሞ ባሕር አያስፈልግም፤ 2 እና 3 ሜትር ይበቃል። ጉንፋን ሲይዘን ቱቦው ያብጣል፤ አየር አያሳልፍም።

ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠልቁ ሰዎች አፍንጫቸውን በጣታቸው ይይዙና አፋቸውን ዘግተው በቀስታ ይነፋሉ፤ ጆሮ «ጠቅ» ብሎ ይከፈታል። ይህን የሚያደርጉት ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እየወረዱም ደጋግመው ያደርጉታል። አልከፈት ካለ በኃይል መንፋት የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ላይ ይመለሳሉ። «ሕመሙ ተመለስ የሚል መልእክት ነው» አለች ሐኪሟ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ያን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኩት። አያት ልጅን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ቤት አልተለመደም። እሱ ግን «አባባ፣ ሳንቲሙን ግን አወጣሁት አይደል?» አለኝ። ይህ አነጋገሩ ከደሙ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

ሁለት ወር ያህል ጆሮው ውሃ እንዳይነካው ስንጠብቅ ቆየን፤ ቀዳዳውም ራሱ ደፈነ። ሐኪሟ ስትፈቅድለት ወደዚያው ገንዳ ተመለስን፤ አባቱም አብሮት ውሃው ውስጥ ገባ። ልጁ አፍንጫውን ይዞ እየነፋ ወረደ። ሳንቲሙ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀረው ዞሮ ወጣ።

«አልከፈት አለኝ፣ አባባ» አለ፤ ምን እንደምለው ፊቴን እያየ።

«ደግ አደረግህ። ና ውጣ፣ ሻይ እንጠጣ» አልኩት።

ሳንቲሙ እዚያው ቀረ።