ወደ አሊዩ አምባ ከመውረድዎ በፊት ጠቋሚውን ይፈትሹ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ነድተው አንኮበር ይደርሳሉ። እዚያ ሲቆሙ መሬቱ ከእግርዎ ሥር የተቆረጠ ይመስላል። ደጋው ያልቅና የይፋት ቆላ እስከ አፋር ሜዳ ይዘረጋል። አሊዩ አምባ የምትገኘው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባታል፤ ገበያዋም በአሞሌ ጨው፣ በቡናና በጨርቅ ይደምቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ በዚሁ አቅጣጫ ወጥቷል። በተከታዩ ዓመት የመጣው ሐኪም ቻርለስ ጆንስተን ደግሞ አሊዩ አምባ ተቀምጦ ስለ ኑሮዋ ጽፏል። ያኔ የፍጥነት ልኩ የበቅሎ እርምጃ ነበር።

ዛሬ ግን ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ በአሮጌ ኮሮላ የሚወርድ አባወራ ልኩን የሚያውቀው ከዳሽቦርዱ ነው። በሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ በ80 የነዳ ሰው 50 ሲደርስ የሚሳብ ይመስለዋል። ዓይንና ጆሮ ፍጥነትን ይለምዳሉና። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ስህተቱ ውድ ነው፤ በ60 የሚሄድን መኪና ለማቆም ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ነው።

በቆዩ መኪኖች ከካምቢዮ የሚነሳ ቀጭን ኬብል እየተሽከረከረ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ብልሽቱም በምልክቱ ይለያል፦

ጠቋሚውም ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብረው ከቆሙ ኬብሉ ተበጥሷል፣ ከቦታው ወጥቷል፣ ወይም ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ ተበልታለች።

ቆጣሪው እየሠራ ጠቋሚው ብቻ ከሞተ ችግሩ ያለው ራሱ መለኪያው ውስጥ ነው።

ጠቋሚው የሚዘል፣ ከዳሽቦርዱ ኋላም የሚንጫረር ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ኬብሉ ቅባት አጥቷል ወይም ታጥፏል። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ቅባቱ ሲጠጥር ይህ ሊብስ ይችላል።

አዲስ ሞዴል ከሆነ ኬብል የለውም። መካኒኩ ፊውዙን፣ ሽቦውንና ሴንሰሩን በቅደም ተከተል ይመርምር።

ሁሉም እየሠራ ቁጥሩ ብቻ ከተሳሳተ ጎማውን ይዩ። ዙሪያው ከፋብሪካው ልክ በ10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ ዳሽቦርዱ 60 ሲል መኪናው በ66 እየሄደ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳማ መንገድ ጠቋሚውን 60 ላይ አጽንተው ይንዱ፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ጂፒኤስ ትክክለኛውን ፍጥነት ያንብብ። ስልክ ከሌለ ልጆች ሰዓት ይዘው የመንገዱን የኪሎ ሜትር ምልክቶች ይቁጠሩ፤ በ60 የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል። 50 ሰከንድ ብቻ ከፈጀ እውነተኛው ፍጥነት 72 ነው።

ጉድለት ካገኙ ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ይግቡ። የሞተ ቆጣሪ ዘይት መቀየሪያውንም ያስረሳልና ነገሩን ለነገ አይተዉት። ጠቋሚው አንኮበርን ካለፉ በኋላ ቢቆምስ? የድሮ ሾፌሮች ሕግ አለ፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሞተሩ ራሱ ይይዝዎታል፤ ፍሬኑም አይግልም። በጣርማበር ዋሻ አልፈው በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወርዱም ሕጉ ያው ነው።

ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ በቀንም ይጓዙ። አሊዩ አምባ ሲደርሱ ጃኬትዎን ያወልቃሉ፤ አየሩ ሞቋል። የአርጎባ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች አገር ነውና ልጆችዎ የሚያዩት አያጡም። መውጣት ሲጀምሩ ግን ጠቋሚውን ትተው የሞተሩን ሙቀት ይመልከቱ፤ ዳገቱ የሚፈትነው እሱን ነው።