የጭፍራዋ ጥቁር ሻሽ

ከወልዲያ ተነስታችሁ በሐራ በኩል ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ ሁለት ነገር አብሮ ይለወጣል። አንደኛው አየሩ ነው። ጠዋት ትከሻችሁ ላይ የነበረው ጋቢ ብዙ ሳይቆይ እግራችሁ ሥር ይወድቃል፤ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፤ የሚገባው ነፋስም የሚያቀዘቅዝ አይደለም። ሁለተኛው የሴቶች ራስ ነው። ጭፍራ ስትደርሱ (ስሟ በአማርኛ የጦር አጀብ ቢያስመስላትም፣ የአርብቶ አደሮችና የግመሎች ከተማ ናት) በገበያው፣ ውኃ በሚቀዳበት መንገድ፣ በፍየሎቹ መካከል ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ታያላችሁ።

የደጋ ሰው ከሆናችሁ ልባችሁ ወዲያው «ምነው? ማን ሞቶባቸው ነው?» ይላል። አይፈረድባችሁም፤ እኛ ዘንድ ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአፋር ባህል ሴቲቱ ጥቁሩን ያሰረችው ባለትዳር ስለሆነች ነው። ያላገባችው ልጃገረድ በባህሉ ጸጉሯን ተሠርታ ራሷን ሳትሸፍን ትሄዳለች፤ ስታገባ ጥቁሩን ጨርቅ ታደርጋለች። ጨርቁን «ሙሻል» ይሉታል፤ «ሻሽ»ም ይባላል። ዛሬ በከተማው ባለ ቀለም ሻርፕ የሚያደርጉ፣ ሳያገቡም የሚሸፋፈኑ አሉ፤ ስለዚህ ባያችሁት ራስ ሁሉ ላይ አትፍረዱ። ግን እናንተ ለቅሶ ብላችሁ ያነበባችሁት ሠርግ መሆኑን ያዙልኝ።

ለመሆኑ «ሻሽ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ስስ የጥጥ ጨርቅ ማለት ነው። ዐረቦቹ ይህንን ጨርቅ በቆብ ዙሪያ ይጠመጥሙት ነበር፤ እኛ ጥምጣም የምንለው መሆኑ ነው። ቃሉ በንግድ መንገድ ወደ እኛም ወደ እንግሊዞችም ደረሰ። እንግሊዞች «ሳሽ» አሉትና ከራስ አውርደው ወገብ ላይ አሰሩት፤ በኋላም ከትከሻ ወደ ጎን የሚወርደውን የክብር ጥብጣብ በዚሁ ስም ጠሩት። በእኛ አገር ግን ሻሽ እናቶች ራስ ላይ እንዳለ አለ።

ሌላው ጥምጣም ደግሞ በሕንድ በኩል ዞሮ ባርኔጣ ላይ ወጣ። ሕንዶች ጥምጣምን «ፓግሪ» ይላሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ፀሐዩ ሲያቃጥላቸው ስስ ጨርቅ በባርኔጣቸው ዙሪያ ጠመጠሙ፤ ጫፉንም ማጅራታቸውን እንዲከልል ወደ ኋላ ለቀቁት። በዚህ መንገድ ፓግሪ የባርኔጣ ማሰሪያ ስም ሆነ። የአውስትራሊያ ጦር ሠራዊት ሰፊ ባርኔጣ ላይ ዛሬም አለ፤ 7 እጥፋት አለው፤ 6ቱ ለ6ቱ ክፍለ ግዛቶች፣ 7ኛው ለተቀሩት ግዛቶች። ፀሐይ መከላከያ የነበረው ጨርቅ የአገር ምልክት ሆነ ማለት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለውን «የባርኔጣው ጥብጣብ» ወይም «ሪባን» ብለን እናልፈዋለን።

በእኛ አገርስ? የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፍ አስታውሱ። ሰፊው ጥቁር ባርኔጣ ከላይ፣ ነጩ ራስ ማሰሪያ ከሥር። ሕንድ የነበረው ወታደር ጨርቁን ከባርኔጣው ውጭ ሲያዞረው ንጉሠ ነገሥቱ ከውስጥ አሰሩት። እኔን ብትጠይቁኝ የምኒልክ ያምራል፤ በየዓመቱ የካቲት 23 የዓድዋን በዓል ለማክበር ባርኔጣውን የሚደፉ ወጣቶች ግን ነጩን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

በራስ ላይ የሚታሰር ነገር የባለቤቱን ማንነት ሲናገር አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 የሊቀ ካህናቱ የአሮን መጠምጠሚያ በወርቅ ሰሌዳ እንዲያጌጥ ታዝዟል፤ ሰሌዳው በሰማያዊ ፈትል ይታሰራል፤ የተቀረጸበትም ጽሑፍ ለእግዚአብሔር የተለየ መሆኑን ይናገራል። ሰዉ አሮንን ገና ከሩቅ ሲያይ የማን እንደሆነ ያውቃል። የጭፍራዋም እመቤት ጽሑፍ ባይኖርበትም ሻሿ ከሩቅ ይነበባል።

ባልና ሚስት ሆናችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ፣ እህቴ፣ ሻሽሽን ወይም ነጠላሽን አትርሺ። ከፀሐዩ ያድንሻል፤ ባዶ ራስሽን ስትሄጂም ያላገባሽ መስለሽ ብትታዪ አይግረምሽ። ወንድሜ፣ አንተ የዚህ ጨርቅ እኩያ በአፋሩ ባል ራስ ላይ አትፈልግ፤ ምልክቱ የሚስቲቱ ነው። ይህንን ሳስብ በሠርጋችን ቀለበቱ ለሁለቱም መደረጉ ደስ ይለኛል። (ለሥራ ጉዞ ሲወጡ ቀለበታቸውን ኪሳቸው የሚከቱ ባሎች ግን ከጭፍራዋ ሴት ቢማሩ አይከፋም፤ እሷ ከፍየሎቿ ጋርም ስትውል ሻሿን አታወልቅም።) ደግሞም ይህችው ሴት ቤት ሠሪ ናት፤ ከሰሌን የሚሠራውን ክብ ቤት የምትተክለውም፣ በግመል ጭና ለጉዞ ስትነሳ የምትነቅለውም እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አልለፍ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጭፍራ ደረሰ። የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ይዘዋት ነበር፤ በኅዳር ወር የመንግሥት ሠራዊትና የአፋር ኃይሎች መልሰው ያዟት። ብዙ ነዋሪ ልጆቹን ይዞ ከቤቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያ የመጀመሪያው የደጋ ሰው ግምት ሁልጊዜ ስሕተት አይሆንም። ልጇን የቀበረች እናት በመንገዱ ዳር ብትቀመጥ ከሩቅ አትለዩአትም፤ ጥቁሩን ቀድሞም አስራው ነበር።

ለዚህ አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ባይተዋወቁም፣ ተላልፈው አይሄዱም። ይቆማሉ፤ ጥላ ካለም ቁጭ ይላሉ፤ ስለ ሰዉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ ተራ በተራ ይጠያየቃሉ። ማን አገባ፣ ማን ሞተ የሚባለው እዚያ ነው። አስተርጓሚ ካላችሁ እናንተም ቁጭ በሉ፤ የሚሌ መንገድ አያመልጣችሁም።