ሻንጣ ለያዘው 50 ብር፣ አንሶላ ለቀየረችውስ?

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሠርግ ሐዋሳ ነበርና ቤተሰቡ ተሰባስበን ወረድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄና የ8 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነበርን። ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ትልቅም ትንሽም የማይባል ሆቴል ውስጥ ለ3 ሌሊት ሁለት አልጋ ያዝን። እኔ ጡረተኛ ስለሆንኩ የአልጋውን የከፈለችው ልጄ ናት። የጉርሻውን ነገር ግን "እሱን ለእኔ ተይው" ብያት፣ ዝርዝር ብር በትንሽ ቦርሳ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሰው ቤት ባዶ እጄን አልሄድም፤ ሆቴልም ስገባ ያው ነኝ። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻው ሌሊት፣ ከሠርጉ መልስ፣ ልጁን አስታወከው። ክትፎው ይሁን ኬኩ እግዜር ይወቅ። 34 ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ ኦአርኤስ ሳልይዝ ከአዲስ አበባ አልወጣም። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር የታሸገ ውኃ በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ እሰጠው ጀመር። ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቄ፣ ቀስ እያልኩ እንደገና እሰጠዋለሁ። (አያቶች ይህቺን ያዙልኝ፤ ልጅ አስመለሰው ተብሎ መጠጡ አይቋረጥም።) በልጁስ አልደነገጥኩም። አንሶላው፣ የትራሱ ልብስ፣ ወለሉ ግን አይወራም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደ እንግዳ መቀበያው ደወልን። አንዲት ቀጭን ልጅ ባልዲ፣ መወልወያና ንጹሕ አንሶላ ይዛ መጣች። ፊቷን ሳታጠቁር ወለሉን ወለወለች፤ አልጋውን እንደገና አነጠፈች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ አዲሱንም አበላሸው። አሁንም መጣች። "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" ስላት "ኧረ እናቴ፣ ልጅ አይደል እንዴ!" አለችኝ። ቆሻሻውን አንሶላ በእቅፏ ይዛ ስትወጣ በሩን በእግሯ ነበር የዘጋችው።

ሲነጋ ልጁ ተሻለው፤ ተነሣን። ቁርስ ቤት የመልሱን 70 ብር ለአስተናጋጁ ተውኩ። ሻንጣችንን ከደረጃው እስከ መኪናው ላደረሰልን ወጣት 50 ብር ሰጠሁት፤ እውነቱን ለመናገር ሃያ እርምጃም አይሆንም። ሌሊት መኪናችንን የጠበቁት አባት ተነሥተው እጅ ሲነሡኝ ደግሞ 100 ብር አስጨበጥኳቸው። ሁሉም መረቁኝ። ደስ ብሎኝ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ሻሸመኔን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ልጁ ከኋላ፣ "እማማ፣ ለዚያችኛዋ ስንት ሰጠሻት?" አለኝ።

"ለየትኛዋ?"

"የእኔን ትውከት ለጠረገችው።"

መልስ አልነበረኝም። ልጄ በመስተዋቱ አየችኝ። ባለቤቴ ብቻ፣ "ሥራዋ ነው፤ ደመወዝ ይከፈላታል" አለ። ልጁም፣ "ሻንጣ የያዘውስ ደመወዝ አይከፈለውም?" ሲል ዝም አለ።

ቂም ይዤ ወይም ሰስቼ አይደለም። በሄድንበት ሰዓት አልነበረችም፤ ተራዋ አልቆ ወጥታለች። የሰጠሁት ዐይኔ ሥር ለቆመ ሰው ሁሉ ነው። እሷን ግን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም፤ ስሟንም አላውቅም። ለመሆኑ ጉርሻ የሚለውን ቃል ያመጣነው ከገበታ ነው። የሚጎረሰው አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው፤ ጓዳ ውስጥ ወጥ የምትሠራውን ማን ያጎርሳታል?

እስከ ባቱ ድረስ ያሰብኩት ግን ስለ ሆቴል አልነበረም። በማዋለጃ ክፍል የሠራሁባቸውን ዓመታት ነው። አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ቤተሰቧ ለሐኪሙ እጅ ይነሣል፤ ለእኛ ለአዋላጆች ደግሞ ዳቦ፣ አንዳንዴም ማር ይመጣል። ገንዘብ አንነካም ነበር። ከሕመምተኛ እጅ ገንዘብ መቀበል ጉቦ ነው ተብለን ነው የተማርነው፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ዳቦውን ግን በሻይ ሰዓት ቆርሰን እንበላለን። ደሙን በበረኪና የምታጥበው፣ ባልዲውን ተሸክማ የምትወጣው የጽዳት ሠራተኛ ከበሩ ውጭ ናት። ለእሷ ዳቦ የቆረስኩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም ቀን አልመጣልኝም።

ቤት የደረስነው ወደ ማታ ነው። ልጄ የልጁን የተበላሸ ቢጃማ ልታጥብ ፌስታሉን ስትፈታ "ውይ!" አለች። ቢጃማው የተጠቀለለው በሆቴሉ ትልቅ ነጭ ፎጣ ነበር። በሌሊቱ ግርግር ጠቅልላው ረስታዋለች።

ወዲያው ሆቴሉ ጋ ደወልኩ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ልጅ በትሕትና፣ "አዎ እናቴ፣ ከክፍላችሁ አንድ ፎጣ ጎድሏል፤ ተጽፏል" አለኝ።

"በማን ላይ ነው የተጻፈው?"

ትንሽ ዝም አለና፣ "ክፍሉን በተረከበችው ላይ" አለኝ።

የፎጣው ዋጋ 900 ብር ነው። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ የሮጠችልን ልጅ፣ ከእኛ ምንም ሳታገኝ፣ 900 ብር ልትከፍልልን ነበር። ገንዘቡን በቴሌብር ለሆቴሉ ላክንና "ከስሟ ላይ ሰርዙ" አልን። የልጅቷን ስልክ ስጠይቅ የሠራተኛ ቁጥር አንሰጥም አለኝ፤ ልክ ነው፤ የእኔን ተቀብሎ አደረሰላት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደወለች። መጀመሪያ ያለችኝ፣ "ልጁ ተሻለው እናቴ?" ነው።

600 ብር ላክሁላት። ለምን 600 ሆነ ብትሉኝ ለሦስቱ ሌሊት መቶ መቶ፣ ለዚያች ለመጨረሻዋ ሌሊት ሥራ ደግሞ 300 ብዬ ነው። ባለቤቴ "በዛ" አለ። የእሱም ነገር ከንቱ አይደለም። ሒሳቡ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት ከፍለናል፤ ሠራተኛውን መክፈል የባለሆቴሉ ዕዳ ነው ይላል። እኔም ዕዳው የባለሆቴሉ እንደሆነ አምናለሁ። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኛ የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛም ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ልጅቷን ጠይቄያት እንደነገረችኝ፣ እነሱ ቤት ሰርቪስ ቻርጁ የሚከፋፈለው በነጥብ ነው፤ ለአልጋ አንጣፊዎች የሚደርሰው ነጥብ ትንሹ ነው። ቴሌብርም ሆነ የጠረጴዛ ጉርሻ ለአስተናጋጅ ነው፤ ፎቅ ላይ የሚወጣ ሰው የለም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ውስጥ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ 11 ዓመት ሠርታለች። እዚያ ምግብ ቤት ለአስተናጋጅ ከ15 እስከ 20 በመቶ መተው እንደ ግዴታ ነው፤ የአገሪቱ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ድረስ ብቻ እንዲከፈል ይፈቅዳልና። ለክፍል ጽዳት በሌሊት ከ2 እስከ 5 ዶላር መተው የተለመደ ነው ይባላል፤ እህቴ ግን ከአሥር ክፍል ሰባቱ ባዶ ነበር ትለኛለች። ጃፓን ደግሞ ጉርሻ የሚባል ልማድ የለም፤ ብትሰጥ ረሳህ ብለው ሊመልሱልህ ይሮጣሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተጉዣለሁ፤ አንዴ ደብረ ብርሃን፣ አንዴ አዳማ። አሁን የምሰጠው ከአልጋው ዋጋ ጋር የተመዛዘነ ነው፤ መካከለኛ ሆቴል ከሆነ ለጽዳት በሌሊት ከ50 እስከ 100 ብር። በመጨረሻው ቀን አንድ ላይ አልሰጥም፤ ዛሬ ያነጠፈችው ነገ ተረኛ ላትሆን ትችላለች። ካገኘኋት በእጇ፣ ካጣኋት ትራሱ ላይ፣ "ለጽዳት፣ እናመሰግናለን" ብዬ በወረቀት ጽፌ ነው። ወረቀቱን እንዳትረሱ። ያለወረቀት የተተወን ብር ጨዋ ሠራተኛ አትነካውም፤ እንግዳ ረስቶት ይሆናል ብላ ለአለቃዋ ታስረክባለች፤ ብትወስደውም ሌባ ልትባል ትችላለች። ሻንጣ ለሚይዝልኝ ከ50 ብር አላልፍም፤ አንዳንዴ ራሴ እጎትታለሁ፤ ጎማ አለው። ከሌለኝ ደግሞ አልሰጥም። ጡረታ ላይ ያለ ሰው ለጉርሻ ብሎ መድኃኒቱን አይቀንስም። ስም ጠይቆ ማመስገን ግን ያለኝን ያህል አለኝ። ከመውጣቴ በፊት ፎጣዎቹን እቆጥራለሁ፤ ልጁም አብሮኝ ይቆጥራል፤ ጨዋታ አድርጎታል።

በሳምንቱ ልጅቷ ደውላ የተጻፈባት መሰረዙን ነገረችኝ። ፎጣው ታጥቦ፣ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። የእህቴ ልጅ ወደ ሐዋሳ ሲመለስ ልላክላቸው ብል፣ ልጄ "ከፍለንበታል እኮ እማዬ" ትላለች። እስካሁን አልተስማማንም።