«እርሱ» ወይስ «እርሷ»?

የፋርስን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ስንኝ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ፋርስኛ ለወንድም ለሴትም «ኡ» የምትባል አንዲት ተውላጠ ስም ብቻ አለችው፤ ግሡም ጾታ አይለይም። አማርኛ ግን ሳይለይ አያልፍም። «መጣ» ወይም «መጣች»፣ «ወደድሁህ» ወይም «ወደድሁሽ» ማለት የግድ ነው። (በአንቱታ ማምለጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፍቅረኛውን አንቱ የሚልን ባለቅኔ ማን ያምነዋል?) ስለዚህ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በሺራዝ የኖረው ሐፌዝ የሚወደውን ሲጠራ፣ ባለቅኔው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ተርጓሚው ሊመልስ ይገደዳል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ተርጓሚዎች «እርሷ» እያሉ አልፈውታል።

እኔ ፋርስኛን የለመድሁት በዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር፣ ምንጣፍና የደረቀ ፍራፍሬ በሚሸጡ አንድ ኢራናዊ ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ ስይዝ ነው። ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሐጂ ነበሩ። የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት በሚሆነው በያልዳ፣ እንደ አገራቸው ልማድ፣ የሐፌዝን መድበል ገልጠው የእያንዳንዳችንን ዕድል ያነቡልን ነበር። አንድ ጊዜ «ሐጂ፣ ይህ የሚወደደው ማን ነው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ፈጣሪ ነዋ!» አሉኝ። የሱፊዎቹ ፍቺ ይኸው ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ሱቁን ስንዘጋ ግን የእኅታቸው ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ያ በጉንጩ ላይ ለጋ ጺም ያቀነቀነውስ ማን ነው?» አለኝ። በእርግጥም ገና የሚያቀነቅን ጺም በፋርስ ግጥም ከውበት ምልክቶች አንዱ ነው።

ሣዕዲ እ.ኤ.አ. በ1258 በጻፈው «ጉለስታን» ውስጥ ስለ ፍቅርና ወጣትነት የሚናገር ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ የጋዝናው ንጉሥ ማሕሙድ ለባሪያው ለአያዝ የነበረው ፍቅርም በዚያው ይነሣል። መጽሐፉ ለዘመናት የተማሪ መማሪያ ነበር። እንዲህ ሲባል ግን የቀድሞዪቱ ኢራን ነገሩን ትፈቅድ ነበር ማለት አይደለም፤ የሸሪዓው ክልከላ ያኔም ነበረ። ስንኙና ፍርዱ በየፊናቸው ይኖሩ ነበር ማለቱ ይሻላል። የታሪክ ምሁሯ አፍሳኔህ ናጅማባዲ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ኢራናውያን በዚህ የቆየ ልማድ ማፈር የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓውያን ዐይን ሲያርፍባቸው ነው። ከዚያም በኋላ አሕመድ ካስራቪ የተባለው ጸሐፊ ሐፌዝን የመሰሉ ባለቅኔዎችን ወጣቱን ያበላሻሉ እያለ መጻሕፍት እስከ ማቃጠል ደረሰ። ታዲያ ዛሬ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር «ከምዕራብ የመጣ» ነው ሲባል ይገርመኛል፤ ከምዕራብ የመጣው ኀፍረቱ ይመስለኛል።

ሕጉ ግን የራሱ ምንጭ አለው። አማርኛችን «ግብረ ሰዶም» ሲል የከተማይቱን ስም ይዟል፤ ዐረብኛና ፋርስኛ ከዚያው ታሪክ የነቢዩን የሉጥን ስም ወስደው ድርጊቱን «ላቫት» ይሉታል። ኀጢአቱን ያወገዘው ጻድቅ ስሙን ለኀጢአቱ ማዋሱ ይደንቃል። የእስልምና ሊቃውንት በክልከላው ላይ በአመዛኙ ይስማማሉ፤ በቅጣቱ ላይ ግን አቡ ሐኒፋ የተወሰነ ቅጣት የለውም፣ ለዳኛው ይተው ሲሉ ሌሎቹ ያከብዱታል። የሺዓን ፍትሕ የሚከተለው፣ በ2013 የጸደቀው የኢራን የወንጀል ሕግ፣ ከሁለቱ ወንዶች አንደኛውን በሞት፣ ሌላውን ያገባ ወይም ያስገደደ ካልሆነ በ100 ጅራፍ ይቀጣል፤ ለሴቶቹም ጅራፉ 100 ነው። አራት ምስክር ወይም አራት ጊዜ የተደገመ የእምነት ቃል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን «የዳኛው ዕውቀት» የሚባል ሌላ በርም ክፍት ነው።

ሌላም መውጫ አለ። በ1980ዎቹ ማርያም ኻቱን ሞልካራ የተባለችው፣ በወንድ አካል ተወልዳ ራሷን ሴት ብላ የምታውቅ ሰው፣ አያቶላ ኾሜኒ ዘንድ ደርሳ በቀዶ ጥገና ጾታዋን እንድትለውጥ ፈቃድ አግኝታለች። ለእርሷና ለመሰሎቿ ይህ ምሕረት ነበር፤ መንግሥትም ከወጪው ከፊሉን ይሸፍናል። የሐጂ እኅት ልጅም ቴህራን ሳለ አንድ ሐኪም ይህንኑ መክሮት እንደ ነበር አጫወተኝ። «ሴት ሁን፣ ያኔ ማንም አይነካህም አለኝ። እኔ ግን ወንድነቴን መቼ ጠላሁት?»

በመስከረም 2007 ፕሬዚዳንት አሕመዲነጃድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቆመው በኢራን እንደ እናንተ አገር ያለ ግብረ ሰዶማዊ የለም ሲሉ፣ በሱቁ ቴሌቪዥን አየን። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ የለውዝ ጆንያ ይሰፋ ነበር፤ ቀና አላለም። ሐጂ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

በዓመቱ የመኖሪያ ፈቃዱ አበቃ። ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ለኢራናውያን ቪዛ ወደማትጠይቀው ወደ ቱርክ ሄደ። እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ኢራናውያን የስደተኛነት ጉዳያቸው እስኪታይ በሚቀመጡባት በዴኒዝሊ ሰፈረ። በሐጂ ሱቅ ስሙ መነሣት ቀረ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ማታ ሐጂ የሒሳብ መዝገቤ ላይ የታጠፈ ገንዘብ አኖሩ።

«ልጄ፣ እዚያ አገር በረዶ ይጥላል ይላሉ። ካፖርት ይግዛበት። ከእኔ ነው አትበለው።»

በየትኛው ዐምድ እንደምመዘግበው ብጠይቃቸው፣ «አትመዝግበው» አሉኝ።