ምን ትጭናለህ?

ሥራዬ ጭነት ማስላት ነው። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ አምስት ዓመት የተማርኩት ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ እስከ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። ቤት ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «ላዩ ላይ ምን ልታሳርፍ ነው?» የውሃ ታንከር ነው? መጋዘን ነው? ነገ ፎቅ ትጨምራለህ? ሰዎች ይዋሹኛል። አንድ ፎቅ ብለው ያሠሉና በልባቸው ሦስት ይገነባሉ። ሲዋሹ ዐይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ለምጄዋለሁ።

ይህን የማነሣው ያው ጥያቄ ለራሴ ሁለት ጊዜ ቀርቦልኝ፣ ሁለቴም ወደ መስኮቱ ስላየሁ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ላንድክሩዘር 80፣ እኛ ኮብራ የምንላት፤ ባለ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክሰል፣ አራቱም እግሯ በሞላ ላይ የቆመ። አባቴ ቱሪስት ይጭንባት ነበር። ከመቀሌ ተነሥቶ በኲሓ ወጥቶ ወደ በርሃለ ይወርዳል፤ ከዚያ ሐመድ ኤላ፣ ከዚያ የዳሎል ጨው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍ ካለች ከተማ ተነሥቶ 100 ሜትር ዝቅ ወዳለ ሜዳ መውረድ ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ሁለት ትርፍ ጎማ፤ ከኋላ የውሃና የናፍታ ጀሪካን፣ ቡታጋዝ፣ የድንችና የሽንኩርት ማዳበሪያ፤ ውስጥ አራት ፈረንጅ። ሲመለስ ከቤት ከመግባቱ በፊት የመኪናዋን ሆድ በውሃ ያጥባል። ጨው ሻንሲ ይበላል፤ «ይህችን የሚገድላት ድንጋይ ሳይሆን ጨው ነው» ይል ነበር።

እሱ ጦርነቱን ሳያይ አረፈ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ በሃይላንድ ፕላስቲክ እየተለካ የሚሸጥበት ዘመን መጣና እዚያው ቀረች። ጎማዋ ተንፍሶ መሬት ነካ። የጎረቤት ዶሮ ሥሯ እንቁላል ጣለች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ መንገድ ሲከፈት ቀሰቀስኳት፤ አዲስ ባትሪ፣ የታጠበ ታንከር፣ አዲስ ጎማ። ሞተሩ እንደ ትናንት ተነሣ። ቁመናዋ ግን የድሮዋ አልነበረም፤ በግራ በኩል ኋላዋ እንደ አንካሳ በቅሎ ወርዷል። በእናቴ የልብስ ስፌት ሜትር ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ፦ ከፊት 48 ሴንቲ፣ ከኋላ ቀኝ 47፣ ግራ 45።

ወደ አባቴ መካኒክ ወሰድኳት። ከአባቴ ጋር አርጅተው ጋራዡን ለልጆቻቸው ሊለቁ የደረሱ ሰው ናቸው። ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ገቡ፤ ረጅም ጊዜ ቆዩና ወጡ።

«ሞላው ደክሟል፤ የላስቲክ ቡሹም ደርቆ ተሰነጣጥቋል» አሉኝ።

«ከፍ ላደርጋት ነው የመጣሁት፣ አቦይ። አምስት ሴንቲ፤ ከዚያ አይበልጥም።»

«ይህች የሚያስፈልጋት ከፍ ማለት አይደለም፤ ወደ ቦታዋ መመለስ ነው።» እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀና አሉ። «ለመሆኑ ምን ትጭናለህ?»

«እንደ አባዬ ነው። ቱሪስት ሲመለስ ቅዳሜና እሁድ ዳሎል እወርዳለሁ።»

መስኮት አልነበረም፤ ወደ በሩ ነበር ያየሁት። ቱሪስት የምጭንበት ሐሳብም፣ ፈቃድም፣ ደንበኛም አልነበረኝም። የምጭነው እናቴንና ሁለት ልጆቼን ነው፤ ከዓዲ ሓቂ ገበያ ሽንኩርት ነው። የፈለግኩት ሌላ ነው፦ ዐሥር ዓመቴ ሳለ በአቧራ ነጥታ ወደ ግቢ ስትገባ የማያትን ያችን ግዙፍ መኪና፣ አባቴ በአንድ እጁ አንሥቶ መርገጫዋ ላይ የሚያቆመኝን። ይህን ግን ለመካኒክ እንዴት ይነግሩታል?

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ወደይ» አሉኝ። በእኛ አገር «አንተ ታውቃለህ» ሲባል «እሺ» ማለት እንዳልሆነ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል። እኔ እንደ እሺ ወሰድኩት።

ሁለተኛው ውሸት በስልክ ነው። ዱባይ ያለው ያክስቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ደወለልኝ። አውስትራሊያውያን የበረሃ ተጓዦች ያስለመዱት ሞላ በቁመቱ ብቻ አይሸጥም፤ በጭነት ልክ ነው። ለባዶ መኪና የተጠቀለለ አለ፤ መካከለኛ አለ፤ ሁልጊዜ ከ200 ኪሎ በላይ ለተሸከመ ደግሞ ሌላ አለ። «ሻጩ ምን ይጭናል ይላል» አለኝ። «ከባዱን አምጣ፤ ከባድ አይጎዳም» አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፤ ለምሰሶ ከሚገባው በላይ ብረት የሚከምሩ ደንበኞቼን የምቆጣው እኔ! የአምስት ወር ደሞዜ ሄደ።

ሽማግሌው ጋ አልተመለስኩም። ሌላ ጋራዥ፣ ወጣት ልጅ፣ ጥያቄ የማያበዛ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ሻንሲውን በክሪክ አንሥቶ በብረት አግዳሚ ላይ አሳረፈው፤ ሾክ አብዞርበሩን ፈታ፤ የላዩ ዳዶ ዝጎ እምቢ ስላለ ቆረጠው፤ አክሰሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ሞላው በራሱ ልቅ አለና በእጁ ጎትቶ አወጣው። ከሞላው መቀመጫ ደረቅ ጭቃ ወደቀ፤ ውስጡ ነጫጭ ፍንጣሪ አለ። አንዱን አንሥቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ጨው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያጥባት ኖሮ አንድ ቦታ ግን አምልጦታል።

(ዳዶ፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፤ ጣልያን በ1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ተሸነፈ፣ በ1933 ዓ.ም. እዚያው አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ፣ ጋራዦቻችንን ግን እስካሁን አለቀቀም።)

ከተገጠመ በኋላ ለካሁ፦ ከፊት 55፣ ከኋላ 59። ቂጧን ወደ ሰማይ የሰቀለች ጥንዚዛ መሰለች። ለእኔ ግን ቆንጆ ነበረች፤ ከሮማናት አደባባይ እስከ ሓውልቱ ያለ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ነድቻታለሁ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። መጀመሪያ የተሳፈረች ቀን በሩን ይዛ አንድ እግሯን አነሣች፤ መርገጫው ላይ አልደረሰም። አወረደችው። ምንም ሳትል ወደ ቤት ተመለሰችና የቡና በርጩማዋን ይዛ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትወጣ በርጩማው ከታች ይቀመጣል፤ ስትቀመጥ እኔ አነሣላትና ጭኗ ላይ አድርጋው ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው እያየን እንዲህ እናደርጋለን። አንድ ቀን እንኳ «ምን አድርገሃት ነው?» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ማይጨው ሠርግ ነበረብን። ከመቀሌ 120 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዓዲ ጉዶምንና ሕዋነን አልፈን የአምባላጌን ዳገት ወጣን፤ መውጣቱ መልካም ነበር። መውረዱ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ከጠመዝማዛው ስወጣ መሪው ወደ መሃል አልመለስ አለ፤ ልክ ተጣምሞ እንደ ቀረ አንገት። ቀጥታው መንገድ ላይ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች። ከፊቴ የተጫነ ሲኖትራክ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፤ ደጋግሜ ያዝኩ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እግሬ ሥር ለስላሳ ሆነ። እናቴ በርጩማውን አቅፋ ወደ ፊት ታያለች።

«አባትህ እዚህ ጋ ሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚያስገባው» አለችኝ በቀስታ።

አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ተያዘች። ዳር አቆምኳት። ከሁለቱ የፊት እግሮች ጭስ ይወጣል፤ የኋላዎቹን ብነካቸው ለብ እንኳ አላሉም። «ፍሬኑ አርጅቶ ነው» አልኳት። ሦስተኛው ውሸት።

ስንመለስ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። አልገረማቸውም። ጣታቸውን ከኋላ አክሰል ወደ ሻንሲ በምትሄድ ቀጭን ዘንግ ላይ አኖሩ። ቦዲው ወደ አክሰሉ ሲጠጋ ዘንጓ «ተጭናለች» ብላ ለኋላው ፍሬን ኀይል ትለቃለች፤ ሲርቅ «ባዶ ናት» ብላ ትቀንሳለች። መኪናዋን 59 ሴንቲ ላይ ስሰቅላት ዘንጓ ከባዶም ባዶ ናት ብላ አመነች፤ ሸክሙን ሁሉ ለፊተኛው ፍሬን ተወችለት። ለካ ይህችም ዘንግ ስትጠይቀኝ የኖረችው ምን ትጭናለህ ብላ ነው። መሪው ደግሞ እንዲህ ነው፦ የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ በመሆኑ ጎማው ከእጅ ተለቆም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኮብራም የፊት አክሰል እንዲሁ ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው፤ በሁለት ረጃጅም ክንዶች ተይዟል። ቦዲው አምስት ሴንቲ ሲነሣ ክንዶቹ ይዞሩና ዘንበል ማለቱ ሁለት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ መሪው ቤቱ ይጠፋዋል። መድኀኒቱ ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ያለ ቡሽ ነው። ይህን ሁሉ እኔም ብጠየቅ በወረቀት ላይ አወጣው ነበር።

በዚያ ሳምንት የእናቴን አልበም ገለጥኩ። አባቴ ከኮብራዋ አጠገብ ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ፍራሽ አለ፤ ጉዞ ሊጀምሩ ነው። ቸርኬዋ 16 ኢንች መሆኑን ስለማውቅ ማስመሪያ አመጣሁና ፎቶው ላይ ለክቼ አሰላሁ። ከነሙሉ ጭነቷ 51 ሴንቲ ነው የወጣው። እንደገና ለካሁ፤ 51 ነው። አባቴ ያችን መኪና አንድ ሴንቲ ከፍ አድርጓት አያውቅም። ከሥሩ የቆመው ልጅ ራስ መስኮቱ ጋ እንኳ አይደርስም።

ከባዱን ሞላ ውሃ በኮብራ የሚያመላልስ ሰው ገዛኝ፤ ሲያየው ዐይኑ በራ። ለባዶ መኪና የተጠቀለለውን አስመጣሁ፤ ከፋብሪካው ሁለት ሴንቲ ብቻ ከፍ የሚል ነው፤ እሱንም ሽማግሌው «ለሥርህ ድንጋይ ይሁንልህ» ብለው ፈቅደውልኝ ነው። ቡሾቹን ቀየሩ፤ ዘንጓን በልኳ አሰሩ፤ መብራቱን ግድግዳ ላይ አብርተው አስተካከሉ። ከመግጠማቸው በፊት ግን ጠመኔ ይዘው ፓራፋንጎው አጠገብ ቆሙ።

«አሁንስ ምን ትጭናለህ?»

«እናቴን፤ 58 ኪሎ። ባለቤቴን። ሁለት ልጆች፣ አንዷ 19 አንዱ 26 ኪሎ። የሳምንት አስቤዛ። በዓመት አንድ ጊዜ ከማይጨው አንድ ኩንታል ጤፍ።»

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ላሜራው ላይ ጻፏቸው፤ ደመሯቸው፤ የጤፉን አከበቡት።

«ጤፉን መጨረሻ ላይ አትወርውረው» አሉኝ፤ «ከወንበሩ ጀርባ አስጠግተህ አስተኛው።»