መጋረጃና ቁልፍ

ዛሬ የማጫውታችሁ በገዛ እጄ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው። ነገሩ ሲጀመር ተራ ጨዋታ ነበር፤ ሲጨረስ ግን የሰው ዕንባ አለበት።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ኮሌጅ ሳለን በአንድ ክፍል አብሮኝ ያድር የነበረ ጓደኛዬ በሌላ ከተማ ያስተምራል፤ በየሳምንቱም በኢሜይል እንጻጻፋለን። ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ «ሮት 13» ስለሚባል የፊደል መለዋወጫ ዘዴ አነበብን። የእንግሊዝኛ ፊደላት 26 ናቸው። እያንዳንዱ ፊደል 13 ቦታ ወደፊት ሲዘል የመጀመሪያው በአሥራ አራተኛው፣ ሁለተኛው በአሥራ አምስተኛው ይተካል። 13 የ26 እኩሌታ ስለ ሆነ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ቢደግሙት ጽሑፉ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኮምፒዩተር መረብ ቀልድ ይለዋወጡ የነበሩ ሰዎች ነውር ያለበትን ቀልድ ወይም የእንቆቅልሽን መልስ፣ አንባቢው ሳይፈልግ ዓይኑ እንዳያርፍበት በዚህ ዘዴ ይሸፍኑት ነበር።

እኛም የግዕዙን ፊደል ከሀ እስከ ፐ ብንቆጥር ልክ 26 ሆኖ አገኘነው! ስለዚህ «ሀ» ከ«ከ» ጋር፣ «ለ» ከ«ወ» ጋር፣ «መ» ከ«ዘ» ጋር ቦታ እንዲለዋወጥ አደረግን። ካዕቡ ካዕብ፣ ሣልሱም ሣልስ እንደ ሆነ ይቀራል። በአማርኛ የተጨመሩትን እንደ «ሸ» እና «ጨ» ያሉትን ሳንነካ ተውናቸው። እንዲህ ሲሆን «ሰላም» «ገዋዝ» ይሆናል። «መልስ» የሚለው ቃል «ዘውግ» ሆኖ የወጣ ዕለት እንዴት እንደ ሳቅን አልረሳውም።

ባለፈው ዓመት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ በትምህርት ሰዓት እንቅልፍ ያሸንፈው ጀመር። ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው አባቱ መታሰሩን፣ እርሱም ሌሊት ሌሊት በአንድ ዳቦ ቤት እየሠራ እናቱን እንደሚረዳ ነገረኝ። «ቲቸር፣ እባክዎ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» ብሎ አለቀሰ። እኔም ቃል ሰጠሁት።

ምን ማድረግ እንደሚገባኝ ስለ ጨነቀኝ ጓደኛዬን ምክር ልጠይቅ ብዬ በነጋታው በመምህራን ክፍል ኮምፒዩተር ላይ ጻፍሁለት። በግልጽ የምጽፍ ቢሆን ኖሮ የልጁን ስም ፈጽሞ ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን በፊደላችን የተሸፈነ መስሎኝ ስሙንም፣ የአባቱንም ክስ፣ ዳቦ ቤቱንም ዘርዝሬ ጻፍሁ። ልኬው ገና ሳልዘጋው ደወል ተደወለና ወደ ክፍል ሮጥሁ።

በዚያው ጊዜ ደብተር ሊያስረክብ የገባ ሌላ ተማሪ ጽሑፉን አየው። በክፍል ውስጥ እንቆቅልሽ መስጠት እንደምወድ ስለሚያውቅ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጀሁት መስሎት በስልኩ ፎቶ አነሣው። በምሳ ሰዓት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ መፍታት ጀመሩ። ቁልፉን ማንም አልነገራቸውም። ሆኖም ብዙው ዓረፍተ ነገር ከአራት ነጥብ በፊት «ፈል» በሚል ቃል እንደሚያልቅ አስተዋሉ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በምን ያልቃል? በ«ነው» ያልቃል! እንግዲህ «ፈ» «ነ» ከሆነ በየቃሉ ጫፍ የሚደጋገመው «ፍ» «ን» መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ፊደል ሌላውን እየጎተተ መጣ። ሰዎች ከበው እያዩአቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ከጓደኛቸው ስም ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ ዝም አሉ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ልጆቹ በራሳቸው ያገኙትን ዘዴ አል ኪንዲ የተባለው የባግዳድ ሊቅ በ9ኛው መቶ ዓመት ጽፎት ነበር። 26 ፊደላትን በዘፈቀደ ብንቀያይራቸው የሚገኙት ቁልፎች ብዛት 4 ተጽፎ 26 ዜሮ ከተጨመረበት ቁጥር ይበልጣል። ይሁን እንጂ ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም፤ ደጋግሞ የሚመላለሰው የትኛው እንደ ሆነ መቁጠር ይበቃል። ፊደል ልብሱን ቢለውጥ በአረማመዱ ይታወቃልና።

ከሁሉ የሚከፋው ደካማ ሽፋን ሰውን ደፋር ማድረጉ ነው። የስኮትላንድ ንግሥት የነበረችው ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1586 በእንግሊዝ አገር ታስራ ሳለች በንግሥት ኤልሳቤጥ ላይ ካሤሩ ሰዎች ጋር በምስጢር ምልክት ትጻጻፍ ነበር። ቶማስ ፌሊፕስ የተባለ የኤልሳቤጥ ወገን ደብዳቤዎቹን እየፈታ ያነባቸው ነበር። እርስዋ ግን ምልክቱን አምና የልብዋን ጻፈች። ያው ደብዳቤ በችሎት ማስረጃ ሆነባትና በ1587 አንገትዋ ተቀላ። እኔም በትንሹ ነገር የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ዕዳውን የከፈለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ተማሪዬ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። በአራተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ በክብር ተቀብለው ካስቀመጡኝ በኋላ፣ «መምህር፣ በልጆቹ አልተቀየመም፤ ልጅ ልጅ ነው። ያዘነው በእርስዎ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ፊደል መለዋወጥ መጋረጃ ነው፤ ማየት የማይፈልገውን ዓይን ይከለክላል። ለእንቆቅልሽ መልስና ለፊልም መጨረሻ ከዚህ የተሻለ የለም። ማየት የሚፈልገውን የሚያግደው ግን ቁልፍ ነው፤ ለዚህም በዘመናችን በከባድ ሒሳብ የሚሠሩ እውነተኛ የምስጠራ ዘዴዎች አሉ። ሆኖም የኮምፒዩተሩን ገጽ ክፍት ትቶ ለሄደ ሰው እነርሱም አይደርሱለትም። በአደራ የተሰጣችሁን የሰው ስም አለመጻፍ ይሻላል።

ልጁ በሳምንቱ ተመለሰ። ዛሬም በመንገድ ሲያገኘኝ በትሕትና ሰላም ይለኛል። «እንዴት ነህ?» ስለው «ደኅና ነኝ ቲቸር» ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ግን አይነግረኝም።