ቡኮም ይበርደዋል

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈን ስንደርስ ብርዱ ከመኪናው ሳንወርድ ተቀበለን። የስምንት ዓመቷ ልጄ ግን የቸኮለችው ለአያቷ ማድ ቤት ነው። ከጉዟችን በፊት «እንጀራ ከየት ይመጣል?» ብዬ ስጠይቃት «ከሱቅ» ብላኝ ነበር። አልፈረድኩባትም፤ እሷ ከተወለደች ጀምሮ ቤታችን ምጣድ ተጥዶ አያውቅም።

እናቴ የጤፍ ዱቄቱን በውኃና በእርሾ አቡክታ ስትጨርስ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቀለለችው።

«እምዬ፣ ለምን ታለብሽዋለሽ?»

«ቡኮም እንደ ሰው ይበርደዋላ፣ የኔ ልጅ!»

ልንሞክረው ተስማማን። ከቡኮው ቀንሰን፣ ቀጠን አድርገን፣ በሁለት ባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሽ ሞላን። በየአፋቸው ፊኛ አጥልቀን አንዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥን። ጠዋት የምድጃው ፊኛ ቀና ብሏል፤ የመስኮቱ እንደተኛ ነው።

ምስጢሩ እርሾው ውስጥ ነው። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝና ሊጡን የሚያኮመጥጥ አሲድ ያወጣሉ። ሙቀት ያፈጥናቸዋል፣ ብርድ ያዘገያቸዋል። ቆላ ላይ ቶሎ የሚደርስ ሊጥ ደጋ ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ቀድታ፣ ጥቂት ሊጥ በፈላ ውኃ አብስላ አብሲት ጣለች። አብሲቱ ሊጡን ስለሚያያይዘው ጋዙ ቶሎ አያመልጥም። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰችና ጋገረች። ጋዙ ሙቀት ሲነካው ሽቅብ እየወጣ ሊጡን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን እንጀራው ይበስላል። «ዓይን አወጣ!» ብላ ልጄ ጮኸች።

እኔ የማየው የእናቴን እጆች ነበር። አክንባሎውን ስታነሳ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። የአብሲቱን ልክ ስጠይቃት «ሲበቃው ታውቂዋለሽ» አለችኝ። አላውቀውም።

ስንመለስ እርሾ በሃይላንድ ይዘን ነበር፤ ጋዙ እንዳያፈነዳው ክዳኑን ያላላችው ልጄ ናት። ቤታችን የጋገርኩት የመጀመሪያው እንጀራ ግን ዓይን አልነበረውም። ልጄ አገላብጣ አየችውና፣

«አብሲቱን አሳንሰሽው ይሆናል። ለእምዬ እንደውልላት» አለችኝ።

ደወልንላት።